የባላምባራስ ክንዱ ግራ ትከሻ

ባላምባራስ ክንዱ የሞቱት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እታለም ጠጅ ቤት መደብ ላይ ጋደም ብለው ነው። ሬሳቸው ሳይቀዘቅዝ የቡሬ ሰው ሁሉ ነገሩን አውቆ ጨርሷል። መርዝ ነው፣ ያጠጣቻቸውም እታለም ናት። ቡሬ እንዲህ ናት፤ ለመፍረድ ማስረጃ እስኪመጣላት አትጠብቅም።

ባሻ ረዳ የተጠራው ወሬው ገበያውን ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው። ረዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ ላይ የፖሊስ ሥራ ተምሯል። አሁን፣ በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ እንጀራው ቡሬ ምሽግ ውስጥ ነው፤ ካራቢኔሪ ለሚባለው የጣሊያን ፖሊስ አለቃ፣ ለማሬሻሎው፣ ወንጀል ይመረምራል፣ በአስተርጓሚነትም ያገለግላል። ሰው ፊት ለፊት ባሻ ይለዋል፣ ዞር ሲል ባንዳ። ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ ስሙ እንደሆነ ራሱን መጠየቅ ከተወ ቆይቷል።

ሕዝቡን ከበር አስወጥቶ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። አፋቸው ላይ አረፋ የለም። ማስመለስ የለም፤ መደቡም ልብሳቸውም ንጹሕ ነው። እጀ ጠባባቸው ግን በላብ ርሷል። የዓይናቸውን ቆብ ገልጦ አየ፣ ነጭ ነው። ከንፈራቸው ነጭ፣ ጥፍራቸው ነጭ። ረዳ እንዲህ የነጣ ሰው ያየው በጦርነቱ ጊዜ፣ ደማቸው ሜዳ ላይ ፈስሶ ካለቀ ቁስለኞች መካከል ነው። የባላምባራስን ገላ እያገላበጠ ፈተሸ። ጭረት እንኳ አላገኘም።

«ሲገቡ እንዴት ነበሩ?» ሲል ጠየቀ።

እታለም አርባን የተሻገረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ግድግዳው ጥግ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ጣቷን ትጠቀልላለች።

«ደህናማ አልነበሩም ጌታየ። ገና መድረኩን ሲያልፉ ግድግዳ ያዙ። ውሃ አሉኝ፣ ሰጠኋቸው፤ እንደገና ውሃ አሉ። ያዛጋሉ፣ ይቁነጠነጣሉ፣ መቀመጫ አጡ።»

«ጠጅስ?»

«ከግራዝማች ክንፈሚካኤል ጋር ስለነበሩ ለሁለቱም ቀዳሁ። አንዴ ተጎነጩና አስቀመጡት። ‹ግራ ትከሻየን ቆረጠመኝ› አሉ። ‹ምን ተሸክመው ነው?› ብላቸው ‹ምንም› አሉ። ከዚያ ላብ አጠመቃቸው፤ ስነካቸው በረዶ ናቸው። ጋደም ሲሉማ ትከሻቸው ባሰባቸው። በቃ፣ እንደዚያው ቀሩ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ የሟቹ ሚስት ሀብትነሽ ሕዝቡን ጥሳ ገባች። ሦስት ልጆች ከቀሚሷ ተንጠልጥለዋል። ሬሳው ላይ ከመውደቋ በፊት እታለምን አየቻት።

«ከቤቴ በእግራቸው ወጡ» አለቻት፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ማለት ይቻላል። «ካንቺ ቤት በቃሬዛ ሊወጡ ነው። ምን አደረጉሽ?»

ማሬሻሎው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጠጅ ቤት መግባት አይወድም። ረዳን ወደ ውጭ ጠርቶ ትእዛዙን በአጭሩ ነገረው። ባላምባራስ ክንዱን የሾማቸው የጣሊያን መንግሥት ነው። የመንግሥት ሰው ገበያ መካከል ተመርዞ ዝም ቢባል ነገ ሁሉም ይደፍራል። ስለዚህ በሚመጣው ገበያ ሴትየዋ ትሰቀላለች።

«እስከዚያ ሌላ ገዳይ ካገኘህ አምጣው» አለ ማሬሻሎው። «እሱን እሰቅላለሁ። ገመዱ ግን ባዶውን አይውልም።»

*

ግራዝማች ክንፈሚካኤል የባላምባራስን ሹመት ለረጅም ጊዜ የተመኙ ሰው ናቸው። ይህንንም ቡሬ ያውቃል፣ ረዳም ያውቃል። ቤታቸው ሲደርስ የሐዘን ልብስ ለብሰው ጠበቁት፤ ፊታቸው ግን ከልብሱ ጋር አልተስማማም።

«እኔን ጠርጥረህ ነው የመጣህ» አሉ።

«የመጣሁት ስለ ጠጁ ልጠይቅዎ ነው።»

«ጠጁ ምን አለበት? ሴትዮዋ በመዳፏ ቀምሳ፣ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ቀድታ ሰጠችን። እኔ ይኸው አለሁ።»

«ብርሌያቸው ላይ ተጨምሮ እንደሆነስ?»

ግራዝማች ጢማቸውን ዳበሱ። «እሳቸው የተዉትን እኔ ጠጣሁት» አሉ በመጨረሻ። «ምን ላድርግ፣ እንዲያው ይደፋ?»

ረዳ ሳቁን ዋጠ። መርዝ የሚባለው ነገር በዚች ቃል አበቃ፤ የባላምባራስን ብርሌ እስከ አተላው የጨለጡት ሰው ፊቱ ተቀምጠው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ስለ ሹመት ያስባሉ።

«ይህን ለማሬሻሎው ይነግሩልኛል?»

«እኔ?» አሉ ግራዝማች። «መርዙ የለም ካልሁ አብሯቸው የነበረው ማነው ሊባል ነው። ሴትዮዋን አውጥቼ እኔ ልግባ?»

«እጅዎን አንሥተውባቸዋል?»

«ታቦት ምስክሬ ነው፣ ጫፋቸውን አልነካሁም። ከነካኋቸውም ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸው እንጂ።» ከዚያ በኋላ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ምንም እንዳላዩ ተናገሩ።

*

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ለቅሶው ጋብ ሲል ረዳ ሀብትነሽን ከድንኳኑ ጀርባ አገኛት። ዓይኗ አብጧል፣ ትንሹን ልጅ ታቅፋለች።

«ምን በልተው ወጡ?»

«ምን ይበላሉ? የገብስ አጥሚት ሁለት ጉንጭ ፉት አሉ። ከደብረ ማርቆስ ከተመለሱ ወዲህ ምግብ ዘግቷቸው ነበር ጌታየ።»

«ኮሶ ጠጥተው ይሆን? ወይ ሌላ መድኃኒት?»

«ኧረ ምንም። ብርድ ነበር የመታቸው። ‹ግራ ጎኔን ብርድ ገባኝ› ሲሉ እንደ ወጉ በቅቤና በፌጦ አሸኋቸው፣ ተረከዜንም አሳርፌ ረገጥሁላቸው። ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉኝና ‹ጎሽ፣ ለቀቀኝ› ብለው ተነሡ። ወደ ገበያ የወጡ በዚያው ነው።»

«ምሽጉ ውስጥ ሐኪም አለ። ለምን አልሄዱም?»

«ብያቸው ነበር። ‹ለብርድ ደግሞ የፈረንጅ ሐኪም?› ብለው ሳቁብኝ።» እንባዋ መጣ። «ባሻ፣ እኔ ሌላ አልለምንዎትም። ይችን ሴት ብቻ እንዳትለቁብኝ።»

ረዳ ዝም አለ። አብሯት ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እሷ ግን ዝምታውን እንደ ቃል ኪዳን ቆጥራ ጉልበቱን ሳመች።

*

ሐኪሙ ለሥራ ወደ ዳንግላ ሄዶ ነበርና ቡሬ የገባው ከቀብሩ በኋላ ነው። የደከመው፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ጣሊያናዊ ነበር። ረዳ የሰማውንና ያየውን አንድ ሳያስቀር ነገረው፤ ላቡን፣ ቅዝቃዜውን፣ ጥማቱን፣ ማዛጋቱን፣ ንጣቱን።

«የምትነግረኝ ሾክ የሚባለውን ነው» አለ ሐኪሙ። «ራሱ በሽታ አይደለም፤ የብዙ በሽታ መጨረሻ ነው። የደም ግፊት ሲወድቅ ሰውነት ቆዳውን ይተውና ያለችውን ደም ለልብና ለአንጎል ያድናታል። ቆዳው የሚነጣው፣ የሚቀዘቅዘው ለዚያ ነው።»

«ምን ያመጣዋል?»

«ብዙ ነገር። ተቅማጥና ትውከት የሰውነትን ውሃ ሲጨርሰው ይመጣል።»

«አልነበራቸውም። ኮሶም አልጠጡም።»

«ያመረቀዘ ቁስል ደምን ሲበክለውም ይመጣል።»

«ገላቸው ላይ ቁስል የለም።»

«ንብስ? አንዲት ንብ ነድፋው የሚሞት ሰው አለ።»

የእታለም ጓሮ ቀፎ ሞልቷል፤ ንብ ደግሞ ማንም አይሰቅልም። «አዎ፣ ቀፎ አላት» አለ ፈጥኖ።

«ፊቱ አብጦ ነበር? ገላው ሽፍ ብሎ? ትንፋሽ አጥሮት?»

«የለም» አለ ረዳ። መዋሸት አማረው፤ ግን ሬሳውን ያየው ሕዝብ ብዙ ነው።

«እንግዲያው ንብ አይደለም። ልብ በድንገት ሲደክምም እንዲህ ይሆናል። ሕመሙ የት ነበር?»

«ግራ ትከሻቸው ላይ።»

«ደረቱንስ? ክንዱንስ?»

«ትከሻቸውን ብቻ። ሲጋደሙ ባሰባቸው።»

ሐኪሙ ሲጋራውን አጠፋ። «ሰውየው ሆዱ ውስጥ ደምቷል» አለ። «በግራ ጎድን ሥር የፈሰሰ ደም ትከሻ ላይ ያማል፤ ሲጋደሙ ይብሳል። ይህ ጣፊያ ነው። ጣፊያው ሲቀደድ ሰው ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ ይነሣል፣ ይራመዳል፣ ገበያም ይወጣል። ደሙ ቀስ እያለ ከውስጥ ያልቃል።»

«ምን ይቀድደዋል?»

«ጤነኛውን ብርቱ ምት ካልሆነ አይቀድደውም። በወባ ያበጠውን ግን ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ሰውየው ቆላ ወርዶ ነበር?»

የዚያን ጊዜ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ አርበኛና የአርበኛ መልእክተኛ።

«አልወረዱም» አለ ረዳ። «ደብረ ማርቆስ ነበሩ።»

*

ደብረ ማርቆስ የሄደ ሰው ወጀትን ሳያልፍ አይመለስም። ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ናት፤ ያኔ ስሟ እንደዚያ አልነበረም፣ ሰላምም አልነበረባትም። ረዳ በቅሎ ጭኖ ወጣና መንገደኛ የሚያሳድረውን ደረሰ የሚባል ሰው አገኘው።

«ባላምባራስ ክንዱ እዚህ አድረው ነበር?»

«ብዙ ሰው ያድራል ጌታየ።»

«ከማርቆስ ሲመለሱ ማለቴ ነው።»

ደረሰ የበቅሎዋን እርካብ አየ፣ ሰማዩን አየ፣ የረዳን ጫማ አየ። «ከወዲያ ማዶ ሲመጡ አላየሁም» አለ። «ከታች በኩል ሲመጡም አላየሁም።»

«ከታች በኩል ብዬ መች ጠየቅሁህ?»

ሰውየው ቃል እንዳመለጠው ገባው። ነገሩ አንዴ ስለወጣ ይመስላል፣ በቀስታ ተናገረ። «እኔ የማውቀው መታመማቸውን ነው። ፀሐዩ አናት እየበሳ እሳቸው ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ጎናቸውን ይዘው ነበር፤ ግራውን። ‹ንዳድ ነው እንዴ ጌታየ?› ብላቸው ‹ብርድ በለው፤ ማንም ቢጠይቅህ ብርድ በለው› አሉኝ። እኔም ብርድ እላለሁ። እርስዎሳ ምን ይላሉ?»

ረዳ እርካቡን ረግጦ በቅሎዋ ላይ ወጣ።

ወደ ቡሬ ሲመለስ በቅሎዋን አላስቸኮላትም። ማነው የመታቸው የሚለውን ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። ግራዝማች አልነኳቸውም፣ ከማንም አልተጣሉም፣ ከበቅሎም አልወደቁም። መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግን ልጓሙን ስቦ ቆመ። ሀብትነሽ ራሷ ነግራዋለች። ንዳድ፣ ማለት ወባ፣ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ አትነካቸውም ነበር፤ በጎጃም ንዳድ ያሳበጠውን ጣፊያ ማንም አይረግጥም። ብርድ የገባውን ጎን ግን አሽቶ መርገጥ የሚስት ወግ ነው። ባላምባራስ ቆላ መውረዳቸውን ከሚስታቸው ሳይቀር ደብቀው ብርድ ነው አሏት፤ እሷም አመነቻቸው፣ በፍቅር፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ረገጠችላቸው።

መርማሪ ሆኖ ከተቀጠረ ጀምሮ እንደዚህ ጥርት ብሎ የተፈታ ነገር ገጥሞት አያውቅም። እንደዚህ የጠላው ነገርም የለም።

*

«መርዝ አይደለም» አለ ማሬሻሎው ፊት ቆሞ። «ከብርሌው የተረፈውን ሌላ ሰው ጠጥቶታል፣ ምንም አልሆነም። ባላምባራስ ልባቸው ደክሞ ነው የሞቱት።»

ማሬሻሎው ከወንበሩ ቀና አለ። «የጠጣው ማነው?»

ረዳ የግራዝማችን ስም ሰጠ። ግራዝማች ተጠሩና መስቀል ጨብጠው ካዱ። ጠጅም አልጠጣሁም ሊሉ ትንሽ ነው የቀራቸው።

«ታዲያ ልብ መሆኑን በምን አወቅህ?» አለ ማሬሻሎው ግራዝማች ከወጡ በኋላ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም ረዳን ይወደዋል። «አንተ ግትር ነህ፣ እኔም ግትር ሠራተኛ ደስ ይለኛል። ሐኪሙ እዚህ ነው። መቃብሩን እናስከፍት፣ ሆዱን ያየዋል። መርዝ ከሌለ ሴትየዋን እለቃታለሁ። ቄሶቹ ይጮሃሉ፣ ግን አንተ ‹ይከፈት› ካልህ አስከፍታለሁ። ነገ ጠዋት ንገረኝ።»

ረዳ የሚሆነው ታየው። ሐኪሙ ሆዱን በከፈተ ጊዜ መርዝ አያገኝም፣ ያበጠ ጣፊያ ያገኛል። ቆላ ወርዶ ነበር ወይ ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ነው፤ ሁለተኛ መጠየቅ አያስፈልገውም። ባለፈው ዓመት እንዲሁ አንድ ሹም ለአርበኞች እህል ሲያወርድ ተይዞ፣ ቤቱ ከነቤተሰቡ እንዲቃጠል የተፈረደውን ፍርድ በአማርኛ ለሕዝቡ ያነበበው ረዳ ራሱ ነበር። እሳቱ እስኪበርድ ቆመው እንዲያዩም የታዘዙት በእሱ አፍ ነው።

*

እታለም የታሰረችው ምሽጉ ውስጥ፣ ድሮ እህል ይቀመጥበት በነበረ ክፍል ነው። ረዳ ዘበኛውን አርቆ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«በምን እንደሞቱ አወቅሁ» አላት።

«እኔ አላደረግሁትም።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ሁሉንም ነገራት፣ ሚስታቸው የረገጠችውን ሳይቀር። ለማንም ያልነገረውን ለእሷ ብቻ መንገሩ ለምን እንደሆነ ሲጀምር አላወቀውም።

እታለም ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «እሷስ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አትንገሯት።» እጇን ከፊቷ አወረደች። «ቆላ መሄዳቸውን እኔ አውቅ ነበር። ወንድሜ ባዬ እዚያ ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር። የዚያን ቀን የመጡም ለጠጅ አይደለም፤ ደህና ነው ብለው ሊነግሩኝ ነው። ግራዝማች ዞር እስኪሉ ጠብቀው ነገሩኝ። መጨረሻ የተናገሩት እሱን ነው።»

«መቃብሩ ቢከፈት ትፈቻለሽ። ማሬሻሎው ቃሉን ሰጥቶኛል።»

የሴትዮዋ ዓይን በራ። ያንን ብርሃን ረዳ ባላየው በወደደ። ወዲያው ግን ጠየቀችው፤ «ከፍተው ጣፊያውን ሲያዩስ?»

«ቤታቸው ይቃጠላል። ልጆቹም፣ እሷም። ከዚያ ማን አሳደራቸው፣ ማን መንገድ አሳያቸው ተብሎ ይጠየቃል፤ ይህ ደግሞ እስከ ወጀት፣ ከወጀትም አልፎ ቆላ ይደርሳል።»

«እስከ ባዬ።»

«እስከ ባዬ።»

«ላምልጥ ብልስ?»

«አንቺ ያለሽበትን ሰፈር ያነዱታል።»

ረዳ መልስ ጠበቀ። እሷ ከግድግዳው ወደሱ ዞረች። ከዚያ በፊት ጌታየ ስትለው የነበረችው ሴት አሁን አንተ አለችው።

«እኔ መሞት አልፈልግም» አለችው። «ሰማኸኝ? አልፈልግም። ይከፈት ብልህ የሦስት ሕፃናት ነፍስ በእኔ ነው። አይከፈት ብልህ ራሴን ሰቀልሁ። የማሬሻሎው ሎሌ አንተ፣ መቃብሩን የምታስከፍተውም የምትዘጋውም አንተ። ታዲያ እኔን ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?»

ተነሥቶ ወጣ። አፍሮ ነው የወጣው፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ያውቀዋል፣ ‹አይከፈት› የሚለውን ቃል ከእሷ አፍ ሊወስድ ነበር የመጣው።

ጠዋት ማሬሻሎው ቡናውን እየጠጣ «እህስ?» አለው።

«መቃብሩ አያስፈልግም» አለ ረዳ። «ተሳስቻለሁ። መርዝ ነው።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ማሬሻሎው፣ ስኳርም ጋበዘው።

*

ገበያው እንደወትሮው ሞላ። ፍርዱን በአማርኛ ያነበበው ረዳ ነው። እታለም የነፍስ አባቷን አግኝታ ነበርና ጸጥ ብላ ቆመች፤ ሕዝቡ መርዘኛ እያለ ሲሰድባትም አንድ ቃል አልመለሰችም። ወደ ረዳ ግን አንዴም አላየችም። ነገሩ ሲያበቃ ግራዝማች ክንፈሚካኤል፣ አዲሱ ሹም፣ ሰዉን ወደየመደብሩ መለሱት፤ የበርበሬና የጨው ጭቅጭቅ ካቆመበት ቀጠለ።

ረዳ ምሽጉ በር ሊደርስ ሲል ሀብትነሽ ከነልጆቿ ከኋላው ደረሰች። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ከሳምንት በፊት ከነበረው ረጋ ብሎ። ሊያመልጣት ፈጠን አለ፤ እጁን ያዘችው።

«የባሌን ደም ሜዳ ላይ ያላስቀሩልኝ እርስዎ ነዎት» አለችው። «እንቅልፍ ወሰደኝ ጌታየ፣ ዛሬ ገና። ምን እከፍልዎታለሁ? ያለኝ ጸሎት ነው።»

«ምንም አልሠራሁም» አለ ረዳ። ይህች ቃል እንኳ እውነት በሆነችለት።

«አይበሉ። የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ። በየቅዳሴው ከባላምባራስ ስም ጋር አስጠራዋለሁ።»

እጁን አልለቀቀችውም። ሌላ ስም ሊላት አሰበ፤ ሐሰት ግን ለዚያ ቀን በቅቶት ነበር።

«ወልደ ሐና» አላት።

እንዳትረሳው ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ወደ ልጆቿ ጎንበስ አለችና «በሉ እናንተም» አለቻቸው፤ ልጆቹም ቀና ብለው እያዩት፣ አንድ በአንድ፣ ስሙን አሉ።